የሰባተኛ ፎቅ ሸክላ

ቅዳሜ ጠዋት አታሚው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን በማጥለቅ ላይ እንዳለ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሴት ልጁ ባል «ነግረሽው ዝም ካለ እኮ ዝምታው ራሱ መልስ ነው» ሲል ሰማ። አንድ እግሩን እንዳንጠለጠለ ጆሮውን ጣል አደረገ። ልጁ የሆነ ነገር መለሰች፤ መመለሷን ያወቀው ግን በመካከል ከነበረው ፋታ እንጂ ቃሏን ሰምቶ አልነበረም። «አይ፣ እኔማ ምን እለዋለሁ? ቤቱ የሱ ነው» አለ አማቹ። ከደረቱ ሥር የሚወጣው ወፍራም ድምፁ ግድግዳውን እንደ ስስ ወረቀት ያልፈዋል። ፋታ። «ሙዚቃውንም እንደዚያ የሚያስጮኸው አውቆ ነው። ውጡልኝ ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አሁን ፋታው ረዘም አለ። «በቃ አታልቅሺ። ሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ ያቺን ክፍል ሄጄ አያታለሁ። ብትጠብም የራሳችን ትሆናለች።»

አታሚው ካልሲውን ጨርሶ ማጥለቅ አቃተው። ውጡልኝ? እሱ? የዛሬ ዓመት ተከራይተውት የነበረው ቤት ሲሸጥባቸው፣ ሁለት ሻንጣና አንድ የአበባ ማሰሮ ይዘው በሩ ላይ የቆሙ ዕለት፣ ትልቁን ክፍል ለቆላቸው እዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከነሸክላዎቹ የተወሸቀው ማን ሆነና? ያን ሰሞን ከማተሚያ ቤቱ ሲወጣ ባልደረቦቹ «ምን አግኝተህ ነው የምትሮጠው?» እስኪሉት ድረስ ወደ ቤት ይጣደፍ ነበር። ከዚያ ግን ቤቱ ቀስ በቀስ ዝም እያለ መጣ። ልጁ ማጉተምተም ጀመረች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ አሁን የቃሏን መጀመሪያ ቢይዝ መጨረሻው ያመልጠዋል። ሁለት ጊዜ «ምን አልሽ?» ይላል፤ ሦስተኛውን መጠየቅ ያሳፍረውና «እህ» ብሎ ያልፋል። ባል ካገባች ወዲህ ለአባቷ ቃል ማውጣት የከበዳት እየመሰለው ውስጥ ውስጡን ቅር ሲለው ከርሟል። እንግዲህ ይኸው፣ ጭራሽ እሷ ናት ነግራው መልስ ያጣችው። ምን ብላ? መቼ?

ወጥ ቤት ሲገባ ልጁ ምድጃው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። የመንግሥት ሆስፒታል ቀጠሮ ክፍል ውስጥ ስልክ ተቀባይ ናት፤ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ ጸጉሯን አስይዛለች። «ደህና አደርሽ?» አላት። ትከሻዋ ትንሽ ንቅንቅ አለ፤ መልሳ ይሆናል። ዳቦውን ቆርጦ ሻዩን ቀዳ። ዘወር ስትል ዓይኖቿ ማበጣቸውን አየ፤ «ምን ሆነሻል?» የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፤ ብትመልስለትስ መች ይሰማና! ከንፈሯን እያየ «ዛሬ የት ነህ፣ አባዬ?» ማለቷን ገመተ። «ጉዳይ አለብኝ» አላት። ጉዳዩ የጆሮ ምርመራ መሆኑን አልነገራትም። እንዲያውም ልጁ የምትሠራበትን ሆስፒታል ትቶ፣ ሁለት አውቶቡስ ይዞ ከከተማው ማዶ ካለች ትንሽ ክሊኒክ ቀጠሮ የያዘው እንዳትሰማ ብሎ ነው። ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ድምፁን በደንብ ሰማው፤ የበር ድምፅ ወፍራም ነው።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። «የቅዳሜ ጆሮ» የሚባለው ቡድን ገና በጠዋቱ ተሟሙቋል። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በላይ በየቀኑ ሲጻጻፉ አንዳቸው የሌላቸውን መልክ አያውቁም። በየቅዳሜው አንድ ሰው አንድ ሸክላ ይመርጣል፣ ሌሎቹ ሳምንቱን ሙሉ ያዳምጡና የሰሙትን ይጽፋሉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ «አሪፍ ነው» ብሎ ዝም ማለት ክልክል ነው። ሸክላው ሁሉ ሰው የማይዘፍንበት፣ ጊታርም መለከትም የሌለበት፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ነው። አታሚው ይህን ሙዚቃ የወደደበትን ምክንያት ለማስረዳት ተቸግሮ አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ማሽን አጠገብ ቆሟል፤ ሮለሩ ሲዞር፣ ወረቀቱ ሲሳብ፣ መያዣው ሲይዝና ሲለቅ እግሩ ሳያውቀው ምት ሲመታ ኖሯል። ከዕለታት አንድ ቀን ከዝናብ ሊጠለል ሸክላ ቤት ገብቶ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ሲሰማ፣ «ይቺማ የኔ ማሽን ናት፤ ማን ነው አስተምሯት ያዘፈናት?» ብሎ ነበር ሻጩን የጠየቀው። ቡድኑ ውስጥ የሚታወቀው «ጥቁር ጥፍር» በሚል ስም ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በቤንዚንም አይለቅም። ስለ ሸክላ ሲጽፍ አይሳሳም። «ጥቁር ጥፍር ያመሰገነውን ሸክላ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይባባላሉ። ሁሉም የሃያና የሠላሳ ዓመት ልጅ ይመስላቸዋል፤ አንተ እያሉ ያዋሩታል፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ። አታሚውም በዚህ ደስ ይለዋል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን ነገር ተበላሸ። ተራው «ሰባተኛ ፎቅ» የምትባለው ሴት ነበር። እሷ የመረጠችው ነጭ የካርቶን ልባስ ያለው፣ ምንም ያልተጻፈበት ሸክላ ነው፤ ለሁሉም የሚበቃ ቅጂ ሸክላ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦላቸዋል፣ ሄዳችሁ ውሰዱ አለች። አታሚው ወስዶ ሰማው። ከታች ደህና ምት አለ፤ ከዚያ ባዶ፤ ከዚያ እንደገና ምት፤ ከዚያ የባሰ ረጅም ባዶ። ድምፁን ጨመረ። አራት ጊዜ ደጋገመው። በመጨረሻ «ጥሩ መሠረት ተጥሏል፤ ቤቱ ግን አልተሠራም። ሠሪው መሐል ላይ ሰልችቶት ወደ ቤቱ ሄዷል» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ደግሞ ስለ አንዲት ደወል ይጽፉ ጀመር። ደወሏ ስትገባ፣ ደወሏ ስትመለስ፣ ደወሏ ብቻዋን ስትቀር። አንዱማ፣ «ሽቦ» የሚሉት ልጅ፣ በሥራ ሰዓት መሰላል ላይ ቆሞ እንባው እንደመጣ ተናዘዘ። «የምን ደወል?» ብሎ ጠየቃቸው አታሚው። ሽቦም «አንተ ሰውዬ ደንቆሮ ነህ እንዴ?» ብሎ መለሰለት። ተሳሳቁ። ሰባተኛ ፎቅ ግን አልሳቀችም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈችም። በማግሥቱ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ተነክሶ የማሽኑ ማንቂያ ሲጮህ አታሚው አጠገቡ ቆሞ ቀለም ይለካ ነበር። ባልደረባው ከአዳራሹ ጫፍ ሮጦ መጥቶ ማሽኑን አጠፋና «ኧረ አንተ፣ ይሄ ሁሉ ጩኸት አይሰማህም?» ብሎ አፈጠጠበት። ያኔ ነው የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ የያዘው።

የክሊኒኩ መመርመሪያ ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ሣጥን ናት። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረጉለት፣ ድምፅ ሲሰማ እንዲጫናት አንዲት ቁልፍ አስጨበጡት። መጀመሪያ ወፍራም ድምፆች መጡ፤ ፈጥኖ ተጫነ። ቀጠነ፤ ተጫነ። ከዚያ ዝም አለ። ፈተናው ያለቀ መስሎት በመስተዋቱ በኩል መርማሪዋን ሲያያት እጇ ገና ማሽኑን እያዞረ ነው። ሳይሰማ ይጫን ወይስ ዝም ይበል እያለ ሲያመነታ አንገቱ ሥር አላበው። ወጥቶ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ አንድ ወረቀት ዘረጋችለት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሜዳ ሜዳውን የሄደ መስመር መሐል ላይ ሲደርስ ገደል ገብቷል።

«እዚህ ድረስ ያለው ጤነኛ ነው» አለችው፣ ዝግ ብላ፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ፣ ፊቷን ሳታዞር። «የወንድ ድምፅ፣ ሞተር፣ ከበሮ፣ በር፣ ይሄ ሁሉ ደህና ይሰማዎታል። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ወርዷል። የሴት ድምፅ፣ የሕፃን፣ የወፍ፣ የደወል…»

«የደወል?»

«አዎ፣ ቀጭን ድምፅ በሙሉ። ስንት ዓመት ማሽን ላይ ሠሩ?» መልሱን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከልጄና ከባሏ።»

«ልጅዎ ስታነጋግርዎ ይሰማዎታል?»

አታሚው ወረቀቱን አየ። «ታጉተመትማለች» አላት፤ ካለ በኋላ ግን ጣቱን ገደሉ ላይ አሳረፈ። መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችው። ሰኞ ጠዋት ማዳመጫ መሣሪያ ይለኩለት ዘንድ ቀጠሮ ጻፈችለትና፣ እስከዚያው ሰዎች እንዳይጮኹበት እንዲነግራቸው አዘዘችው፤ ጩኸት ድምፁን ያገዝፈዋል እንጂ አያጠራውም፤ ፊት ለፊት ሆነው፣ ረጋ ብለው፣ ወፈር አድርገው ያነጋግሩት። ደረጃውን ሲወርድ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላው ስንት ቃል ፈስሶ እንደቀረ እያሰበ በየመታጠፊያው ይቆም ነበር። ልጁን አሁኑኑ ማግኘት ፈለገ፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ናት፣ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በስልክ አይሆንም። ቀና ሲል ሌላም ዕዳ እንዳለበት ትዝ አለው። የቅዳሜ ጆሮ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሸክላ ቤቱ ውስጥ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። እሱ አልመጣም ብሎ ነበር፤ ሽበቱን አይተው እንዳይቀዘቅዙበት ፈርቶ። አሁን ግን ሽበቱ ምኑም አልመሰለው።

ሸክላ ቤቱ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ ሥር፣ ስድስት ደረጃ ወደ ታች ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ጠባብ ቤት ነው፤ ግራና ቀኙ በእንጨት ሣጥን የተደረደረ ሸክላ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ማጫወቻና ሁለት ቁም ሣጥን የሚያክሉ ድምፅ ማጉያዎች አሉበት። አምስት ሰዎች ሻይ በብርጭቆ ይዘው ይንጫጫሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቱታ የለበሰ ቀጭን ጎልማሳ ፈጥኖ መንገድ ለቀቀለት። «ይለፉ ጋሼ። ምን ፈልገው ነው? ልጅዎን ነው?»

«ጥቁር ጥፍር ነኝ» አለ አታሚው፣ አሥር ጣቶቹን ዘርግቶ እያሳየው።

 ቀጭኑ ሰው ጣቶቹን አየ፣ ሽበቱን አየ፣ ተመልሶ ጣቶቹን አየ። «አንተ… ማለቴ እርስዎ… ወይ ጉዴ!» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሽቦ ነኝ። ደንቆሮ ያልኩዎት… ምን ነክቶኝ ነው! ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ እኩያዬ መስለውኝ እኮ ነው።»

«እውነትህን ነበር» አለው አታሚው፤ «ዛሬ በወረቀት አረጋግጠው ሰጥተውኛል። ይልቅ አንተ በለኝ፤ አንቱ ካላችሁኝ ተመልሼ እሄዳለሁ።» ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣቸውና መጀመሪያ ሊያገኛት የፈለጋትን ጠየቀ። ሰባተኛ ፎቅ ማጉያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ የመድኃኒት ቤት ነጭ ካፖርቷን እጥፍ አድርጋ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት ናት። ወደሷ ሊሄድ ሲል ሸክላ ሻጩ ክንዱን ይዞ ወደ ጆሮው ተጠጋና፣ በዚያ በሲጋራ በጎረነነ ድምፁ «ያን ሸክላ የሠራችው ራሷ ናት፤ ታውቅ ነበር?» አለው። «ሁለት ዓመት፣ ከሥራ መልስ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ። የሷ መሆኑን ሳያውቁ እውነቱን ይንገሩኝ ብላ ነው የደበቀችው።»  አታሚው «ሰልችቶት ወደ ቤቱ ሄዷል» ብሎ የጻፈባት ሠሪ ይቺው ናት፤ ቁጭ ብላ ታየዋለች።

እንዴት እንደጀመረ በኋላ ሲያስበው ትዝ አይለውም። ማንቂያውን፣ ስፖንጅ ያለበትን ክፍል፣ ገደል የገባውን መስመር ሁሉ አንድ ላይ ተናገረ፤ «ደወልሽን አልሰማሁትም። ያልሰማሁትን ነገር የለም አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው» ብሎ አበቃ።  ሰባተኛ ፎቅ ወረቀቱን ከሽቦ እጅ ተቀብላ መስመሩን እስከ ገደሉ በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ተነሥታ ነጩን ልባስ አወጣች፣ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጠች። ሸክላው በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ እሷ ግን የፍጥነት ማዞሪያውን ወደ ሠላሳ ሦስት መለሰችው። «ኧረ ሙዚቃሽ ይበላሻል!» አለ ሽቦ። በእጇ ዝም አሰኘችው።

ምቱ ከበፊቱ ዘግይቶ፣ ከብዶ፣ ደረጃ የሚወጣ የደከመው ሰው እርምጃ መስሎ መጣ። አታሚው ያውቀዋል። ባዶው ቦታ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። ባዶ አልነበረም። ከሩቅ፣ ከሆነ ኮሪደር መጨረሻ፣ አንዲት የነሐስ ድምፅ ዝንብል ብላ መጣች፤ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ሌላ እሷን የምትመስል ተከተለቻት፤ ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አንድ ረጅም እስትንፋስ ተለወጡ። ሸክላው ሲዘገይ ቀጭኑ ድምፅ ወፍሮ እሱ ያለበት ድረስ ወርዶለታል።  አታሚው የሣጥኑን ጠርዝ ይዞ ቆመ፤ ጉንጩ እርጥብ መሆኑን ያወቀው ሽቦ መሐረብ ሲያቀብለው ነው።

«የመድኃኒት ቤታችን በር ላይ ያለችው ደወል ናት» አለችው ሰባተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ፤ መድኃኒት ቤት ስትሠራ ጆሮው ከደከመ ሰው ጋር መነጋገር ለምዳለች። «ስምንት ዓመት በሯ በተከፈተ ቁጥር አንድ የታመመ ሰው ይዛልኝ ስትገባ እጠላት ነበር። በኋላ ድምፅዋን ቀድቼ ቤት ወሰድኳት። ስስባት፣ ስስባት፣ እንዲህ ሆነችልኝ።»

«ሰው ሞልቶበታል» አላት አታሚው። «ከላይ እስከ ታች ሰው ሞልቶበታል። ዛሬ ማታ እንደገና እጽፋለሁ።» እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አርባ አምስት ላይ ያልሰማው ሰው የሠላሳ ሦስቱን ሊተች መብት የለውም ብላ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ጠባብ ቤት አንድ በሽተኛ የከበቡ አምስት ሐኪሞች ያሉባት መሰለች። ሽቦ ተንበርክኮ የታችኛውን ሣጥን ይፈትሽ ጀመር፤ አንዱ መቃብር ሥር የተቀዳ የሚመስል ቤዝ ያለበትን ሸክላ ያመጣል፤ ሌላው «እሱማ ይገድለዋል፣ መጀመሪያ ይቺን ያድምጥ» ብሎ ይነጥቀዋል። ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ለሰው የማይሸጠውን አንድ አሮጌ ሸክላ አወጣና፣ ሁለቱም ገጽ በወንድ ጉሮሮ ልክ የተሠራ ነው፣ ወስደህ ስማና መልስልኝ አለው። አታሚው ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ለሰው ሲመርጥ ኖሮ ዛሬ ሰው ለሱ ሲመርጥለት ማየት እንግዳ ሆነበት። ሰባተኛ ፎቅ ግን ሰዓቷን አየች። «ቤት ያሉትስ ያውቃሉ?» አለችው፤ አንቱታው ሊለቃት አልቻለም። አለማወቃቸውን ሲነግራት «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብላ ሸክላውን በብብቱ አስይዛ ወደ ደረጃው ገፋችው።

ቤት ሲገባ አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር። ልጁ በትልቁ ክፍል ወለሉ ላይ ተንበርክካ መጻሕፍትና የክረምት ልብስ ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነው። ቀና ብላ አየችውና መናገር ጀመረች፤ እጆቿ ይወራጫሉ፣ ወደ ካርቶኑ ትጠቁማለች፣ ወደ ሸክላው ትጠቁማለች፣ አንገቷ ላይ ጅማት ቆሟል። ከዚያ ሁሉ እሱ ጋ የደረሰው ዓመት፣ በር፣ በቃኝ የሚሉ ሦስት አራት ቃላት ብቻ ናቸው። አላቋረጣትም። ትንፋሽ ሲያጥራት «ጨረስሽ?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ካልሽው አንዱንም አልሰማሁም፣ ልጄ። ንቄሽ እንዳይመስልሽ። አይሰማኝም።» ወረቀቱን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠላት።

ወረቀቱን ማንበብ ማንም አላስተማራትም፤ ግን በቀን ሃያ ሠላሳ ሰው ለጆሮ ምርመራ የምትመዘግበው፣ ውጤቱንም መዝገቡ ውስጥ የምታስገባው እሷ ናት፤ ገደሉን ስታይ ገባት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አታሚው ተጠግቶ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ሲል ካርቶኑ ተደረመሰና ከልብሱ መሐል ሰመጠ። ሳቅ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ልታነሣው እጇን ብትዘረጋ እዚያው ይዟት ቀረ።

«ምን ነበር የነገርሽኝ? ጠዋት ባልሽ ነግረሽው ዝም ካለ ሲልሽ ሰምቻለሁ። የሱ ድምፅ ብቻ ነው ግድግዳውን የሚያልፈው። ምን ብለሽኝ ነው ዝም ያልኩሽ?»

ተናገረች። ራሱን ነቀነቀ። ደገመች። «አትጩኺ። እንደሱ አድርጊው፤ ረጋ ብለሽ፣ ወፈር አድርገሽ። እንደ ባልሽ።» ልጁ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ጉሮሮዋን አጠራች። አገጯን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ልክ አውቶቡስ ነጂው አማቹ ከመሪው ወንበር ላይ ሆኖ ተሳፋሪውን ወደ ኋላ ሂዱ ሲል በሚያወጣው ድምፅ፣ «አባዬ፣ አርግዣለሁ» አለችው።

ይህን ሰማው። አንድ በአንድ ሰማው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነበር፤ እሱ ብርጭቆ ሲያጥብ ከኋላው ቆማ፣ ከሁሉ ሰው አስቀድማ፣ ከባሏ ቀጥሎ ለሱ ነግራው ነበር። እሱ ቧንቧውን ዘግቶ፣ እጁን በፎጣ አድርቆ፣ ዞር ብሎ ሳያያት ክፍሉ ገብቶ ሙዚቃውን እስከ ጫፍ ለቀቀው። ይህን ሁሉ በዚያው ወፍራም ድምፅ፣ አንዳንዴ እየተሰበረባት ነገረችው። «ለሚፈስ ውኃ ነው ያወራሽው፣ የኔ ልጅ» አላት፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ጥፍሩ ጥቁር በሆነ እጁ ፊቷን ጠራረገላት። ስንት ወር እንደሆነ ጠየቃት፤ አራት ጣት አሳየችው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። መርማሪዋ ከዘረዘረቻቸው መሐል ሕፃን የሚለው ቃል ትዝ አለው። «ሲያለቅስ ላልሰማው ነው» አላት፤ የሰኞውን የመሣሪያ ቀጠሮም ነገራት።

«ዕድለኛ» አለችው በባሏ ድምፅ። «እኔ ስነሣ አንተ ትተኛለህ። ሰኞ አብሬህ ነው የምሄደው፤ መሣሪያውን ሲያስገቡልህ መጀመሪያ የማወራው እኔ ነኝ።»

አማቹ ከሥራ ሲገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መኝታ ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ጎርናና ድምፅ ሰምቶ ቁልፉን እንደያዘ «ማነው እንግዳው?» ብሎ ገባ። የተደረመሰ ካርቶን፣ ወለሉ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡ አባትና ልጅ አየ። ሚስቱ በገዛ ድምፁ መለሰችለት፤ ከዚያ በራሷ ድምፅ ሁሉንም አስረዳችው። ሰውየው ንግግር አያውቅበትም። ኮፍያውን አውልቆ እየጠቀለለ ቆየና፣ «ለክፍሏ ባለቤት ደውዬ ልተዋት?» አለ፣ ሚስቱን ሳይሆን አታሚውን እያየ። አታሚው «ደውል» አለው። ደውሎ ሲመለስ የሕፃን አልጋ የት እንደሚቆም ጠየቀ። ልጁ ትልቁ ክፍል በቂ ነው አለች፤ አታሚው ደግሞ የራሱ ክፍል ከመንገዱ ጩኸት ስለምትርቅ ለሕፃን እሷ ትሻላለች አለ፤ ሸክላዎቹ ወደ ሳሎን ይውጡ፣ እሱም ሳሎን ይተኛል። ተከራከሩ። የወንዶቹ ድምፅ ከሴቷ ጋር ሲምታታ አታሚው እጁን ያነሣል፣ ተራ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ቢያንስ ሸክላዎቹ እንዲወጡ ተስማሙ።

መደርደሪያውን ለማንሣት መጀመሪያ ማራገፍ ነበረባቸው። ልጁ እንዳትሸከም ተከልክላ በሩ ላይ ቆመች። አታሚው በእቅፉ ልክ እያነሣ ያቀብላል፣ አማቹ ተቀብሎ ሳሎን ግድግዳ ሥር ያስደግፋል። አንድ ዓመት ሙሉ በጩኸታቸው ብቻ የሚያውቃቸውን ሸክላዎች ያን ቀን ነው በእጁ የነካቸው፤ እንደ ብርጭቆ እየተጠነቀቀ ይይዛቸዋል። ስድስተኛው ዙር ላይ ሳይመለስ ቀረ። አታሚው የሚቀጥለውን እቅፍ እንደያዘ ብቅ ቢል፣ አማቹ ሳሎኑ መሐል ቆሞ አንድ ሰማያዊ ልባስ ገልብጦ ጀርባውን ያነባል።

«ይሄኛው ምን ዓይነት ነው?» አለ። «ማለቴ… እኔ ብሰማው ይገባኛል?»

አታሚው የያዘውን እቅፍ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ከሰውየው እጅ ሸክላውን ተቀብሎ ከልባሱ አወጣው፣ አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና «ጫማህን አውልቅና ቁጭ በል፤ መጀመሪያ በእግር ነው የሚገባው» አለው።